ግሪሻ ቤት የተለቀሰው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ኩፓት ሆሊም በሚሉት ክሊኒክ ሐኪም ለማየት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አወጡ። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። ሽታው ወዲያው ደረሰኝ። መራራ የሥር ሽታ ነው። ሩሲያኖቹ ልብ ያረጋጋል ይሉታል፤ የእኔን ልብ ግን አወከው። ነርሷ ስሜን ስትጠራ ሰምቼ እንኳ ቶሎ አልተነሣሁም።

የግሪሻ ቤት የሚሸተው እንደዚያ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት፣ ከራሳችን ቤት ይልቅ እሱ ቤት ያሳለፍኩት ጊዜ ይበልጣል። ክረምት ስል የኔታንያን ክረምት ነው፤ ዝናቡ ከባሕር በኩል አግድም እየመጣ የመስኮቱን መዝጊያ ሲደበድብ የሚውልበትን።

የምንኖረው አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የግሪሻ። በእኛ በኩል አባቴ፣ እናቴ፣ አባባ እና እኔ ነን። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። አባቴ ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራ ስለነበር የማስታውሰው ወይ ተኝቶ ወይ ጫማውን እያሰረ ነው። እናቴ ደግሞ ያን ክረምት አልጋ ላይ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ሁለት ጽንስ ወርዶባት ነበርና ሐኪሙ፣ ይሄኛው እንዲጸናልሽ ከፈለግሽ አትነሺ፣ ዕቃ አታንሺ፣ አትደንግጪ ብሏታል። መተኛቱንስ ሰው ይችለዋል። አለመደንገጥ ግን እንዴት ይታዘዛል? ያ ትእዛዝ ለእሷ መሆኑ ቀርቶ ለእኛ ሆነ።

እናቴ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ ይርጋ ይባላል። እኛ ሁላችን በአውሮፕላን ስንሳፈር እሱ የሚስቱ የጉዞ ወረቀት አላለቀም ተብሎ አዲስ አበባ ቀረ፤ በኪራይ ቤት ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክልን ነበር። እናቴ ቴፑን ትራስጌዋ አድርጋ ስታዳምጠው ዝም ብላ አታዳምጥም፣ ትመልስለታለች። «እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» ሲላት «እግዚሄር ይመስገን፣ አንተስ?» ትላለች። እሱ ስለ ጎረቤቱ በግ ያወራል፣ እሷ ስለ ሆዷ ትነግረዋለች። የሚሰማት ይመስለኝ ነበር፤ በግ በግ ማለቱ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

አባባና ግሪሻ የተዋወቁት ደረጃ ላይ ነው። ሁለቱም ሲወጡ በየፎቁ ያርፋሉ። አንድ ቀን አንድ ፎቅ ላይ አብረው አረፉ፣ በማግሥቱም አረፉ፣ ከዚያ ግሪሻ በሩን ከፍቶ በእጁ ግቡ አለ። ቋንቋ የላቸውም። የአባባ ዕብራይስጥ «ሻሎም» እና «ቶዳ» ነው፤ ሰላምታና ምስጋና። ግሪሻም ቋንቋ የሚማሩበት ኡልፓን ገብቶ ሳይቆይ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ መሀል ገባሁ። ግሪሻ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ ለአባባ አደርሳለሁ፣ ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ። አባባ በየመሀሉ «እውነት እንዲህ ብሎ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ መጠርጠራቸው አግባብ ነበር።

ግሪሻ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ ሳይቀር ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ልጁ ራማት ፖሌግ የሚባል ሰፈር ነው ቤቱ፤ አንዳንዴ በመኪና ይመጣና የገዛለትን ዕቃ በር ላይ አስቀምጦ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ግሪሻ አገሩ ሳለ ሥራው ፊልም ውስጥ ነበር። ተዋናይ ግን አይደለም፤ ፊቱ የማይታይ ሰው ነው። ገበያ ሲሆን ገበያተኛ፣ ጦርነት ሲሆን ወታደር እየሆነ ከብዙ ሰው መሀል የሚቆም።

ሳሎኑ ውስጥ ከመጻሕፍቱ በላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጢማቸው ደረት ያለብሳል፣ ቅንድባቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የባላገር ሸሚዝ ለብሰው ወገባቸውን በጠፍር ታጥቀዋል። አባባ መጀመሪያ የገቡ ቀን ከፎቶግራፉ ፊት ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«የየት አገር ቄስ ናቸው?» አሉኝ።

ግሪሻን ጠየቅኩት፤ ሳቀ። ቄስ ሳይሆን ጸሐፊ ነው፣ በሩሲያ ምድር እሱን የሚያህል አልተወለደም፣ ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት ከእሱ መጻሕፍት በተሠሩ ፊልሞች ላይ ነው አለኝ።

«ምን ጻፉ? ኦሪት?» አሉ አባባ።

«አይደለም። ስለ ሰው ነው የጻፉት።»

«ስለ የትኛው ሰው?»

ግሪሻ ጣቱን ወደ እኔ፣ ወደ አባባ፣ ወደ ራሱ፣ በመጨረሻ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ቀሰረ። አባባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስለ ሰው ጽፎ እጨርሳለሁ ያለ ደፋር ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጥዬ፣ እናቴን ውሃ አጠጥቼ፣ አባባን ይዤ መሻገር ሆነ። ግሪሻ የሰውየውን ሕይወት እንደ ዘመድ ወሬ ያወራ ነበር። ሰፊ መሬት የነበረው፣ ብዙ ገባር ያደረለት ጌታ ነው፤ ካረጀ በኋላ ሀብቱ አስጠላው፤ የድሃ ልብስ ለበሰ፣ ጫማ ሰፋ፣ ከገበሬዎቹ ጋር አረሰ። እዚህ ስደርስ አባባ እጃቸውን አነሡ።

«ቀጠፍሽ አንቺ ልጅ። ባለ ርስት ሞፈር አይጨብጥም።»

«እሱ ነው ያለው፣ አባባ።»

«እንግዲያው እሱ ነው የቀጠፈ።»

አባባ በልጅነታቸው የሰው መሬት ያረሱ፣ ኋላ ማረሻ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጌታን ያውቃሉ። ግሪሻ ተነሥቶ ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ፣ ከሩሲያኖች ሱቅ ያመጣውን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ማሽኑ ውስጥ ከተተ። የሰውየው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በፊልም የተሠራ። እውነትም ጢማሙ ሽማግሌ ከአንድ ነጭ ፈረስ ኋላ እርፍ ይዞ ይሄዳል። አባባ ሽማግሌውን ረሱትና «በፈረስ! በፈረስ ያርሳሉ!» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲደነቁ ዋሉ። ማታ ለእናቴም ነገሯት፤ እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ክረምት ስትስቅ ካየሁባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው።

በሌላ ቀን ግሪሻ ከሰውየው መጻሕፍት ባንዱ የተሠራ የጦርነት ፊልም አሳየን። በረዶ ላይ ብዙ ሰው ወድቋል። ግሪሻ ማሽኑን አቆመና አንድ ጥቁር ጉብታ በጣቱ ነካ።

«ይሄ እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። በዕብራይስጥ አንቱ የለም፤ ሽማግሌን አንተ ማለት ሁልጊዜ ያሳፍረኝ ነበር።

«ሞቼ» አለ በኩራት። «በደንብ የምሞተው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ይተነፍሳሉ፣ ጭስ ከአፋቸው ይወጣል። እኔ በረዶ አፌ ውስጥ እይዛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፊሽካ ይነፋል፤ እንነሣለን፣ ሾርባ ይሰጡናል።»

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን በልቤ ያዝኩት። ሞት ማለት ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ነው ብዬ ያዝኩት።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። ከጸሎት ቤት የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ከቄሳችን ጋር ሆነው ከሕንፃው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ወደ ላይ አልወጡም። አባቴን አስጠሩ፣ አባቴ አባባን አስጠራ። ከበረንዳ ሆኜ ስመለከት ቄሱ የአባባን ሁለት እጆች ይዘው ሲናገሩ፣ አባባም ቀስ ብለው ሲቀመጡ አየሁ። ከዚያ በቧንቧው ፊታቸውን ታጥበው መጡ። ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ራት በሉ። ብዙ በሉ። እህል ሲጎርሱ እያየኋቸው አያላምጡም ነበር፤ ይውጡት ነበር።

አሁን ልንገራችሁ፤ መደበቅ በቅቶኛል። የነገሯቸው የይርጋን ሞት ነው። ሳንባው ታሞ አዲስ አበባ፣ ሲጠብቅበት በነበረው ኪራይ ቤት ሞቷል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይኬዳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ አስቀድሞ በዙሪያው ይቆማል። ነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አትረዳም። እስክትገላገል ይቆያል። ስለዚህ እናቴ እስክትወልድ ድረስ ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳያለቅስ፣ ፊቱን እንዳያጠቁር፣ የይርጋ ስም ሲነሣም እንዳይደነግጥ ተባለ። አባባ አንድ ወንድ ልጃቸው ሞቶባቸው መሬት ላይ መቀመጥ፣ ደረት መምታት፣ በሰው መሀል ልጄን ማለት ተከለከሉ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። የሰማሁት «ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እኔም አባባ የታመሙ መስሎኝ ሲተኙ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር።

በሳምንቱ አባባ ራሳቸውን ተላጭተው መጡ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው።

«ምነው አባባ፣ በዚህ ብርድ?» አለች እናቴ።

«አሳከከኝ» አሉ።

እናቴ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ቴፑን ከፈተች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግሪሻ ቤት የምንሄደው በግሪሻ ግብዣ ሳይሆን በአባባ ጥያቄ ሆነ። «ያን የጢማሙን ሰውዬ ያሳየን በይው» ይሉኛል። ግሪሻ የሕይወት ታሪኩን ፊልም ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጆች ከዛፍ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ውሻ ይሮጣል፣ ሴቶች በነጭ ቀሚስ ሻይ ይቀዳሉ። አባባ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ምንም የሚያስለቅስ ነገር የለም። ግሪሻ ማሽኑን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ሆነ?»

«አባባ፣ ምን ሆኑ ይላል።»

«ሰውየው አሳዘነኝ በይው።»

አልኩት። የግሪሻ ፊት እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። እዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ስለ ጸሐፊው የሚሰማው አላገኘም፤ ልጁ እንኳ «አባዬ፣ ተወኝ» ይለዋል። አሁን አንድ ከጎንደር የመጣ ሽማግሌ ገና በመጀመሪያው ካሴት፣ ገና በፍሬ ለቀማው ያለቅሳል። ወደ ጓዳ ሮጠ፣ ያን ቡናማ ጠርሙስ አምጥቶ ውሃ ላይ ጠብ ጠብ አደረገና ለአባባ ሰጠ። ለራሱም ጠጣ።

ከዚያ በኋላ አባባ ፊልሙ ሲጀመር እኔን ያሰናብቱ ነበር። «ሂጂ፣ እናትሽ ብቻዋን ናት» ይሉኛል። ስመለስ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግሪሻም አፍንጫውን ይናፈጣል፣ ክፍሉ በመድኃኒቱ ሽታ ታፍኗል። አባባ ሰውየውን ወደዱት ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ቀናሁ። ለእኔ ጉልበቴ ሲላጥ እንኳ እንዲህ አዝነው አያውቁም።

አንድ ቀን ግን አልሰደዱኝም፤ የፊልሙን መጨረሻ በትክክል እንድነግራቸው ፈልገው ነው። ሽማግሌው ጸሐፊ በስተርጅና ከሚስቱ ጋር አልስማማ ብሎ ከቤት ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይታመማል፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ የጣቢያው ኃላፊ ቤት ያስተኙታል። ሚስቱ ሰምታ ትመጣለች። አያስገቧትም። በዚያ ብርድ ከቤቱ ውጭ ትዞራለች፣ በእግሯ ጣት ቆማ በመስኮት ታያለች፣ ትንፋሿ መስታወቱን ይሸፍነዋል።

«ለምን አያስገቧትም?» አሉ አባባ።

«ይደነግጣል፣ ይጎዳዋል ብለው ነው ይላል። ለእሱ ብለው።»

«እሷስ?»

ግሪሻ ትከሻውን ሰበቀ።

«ኋላ ይቅር አለቻቸው ወይ በይው። እነዚያን በሩን የዘጉትን።»

ግሪሻ ካሴቱን አወጣ። «አይመስለኝም» አለ።

አባባ ያን ቀን አላለቀሱም። ቤት ስንገባ አባቴ ወደ ሥራ ሊወጣ ነበር፤ በረንዳ ላይ ይዘውት ወጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

«ውጭ አቁመናታል» ይላሉ አባባ። «የራሷ ለቅሶ ነው፤ በሩን ዘግተን ውጭ አቁመናታል።»

«አባ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል። ቄሱም ብለዋል።»

«ኋላ ምን ትለናለች?»

«ኋላ ትኑርልን እንጂ የፈለገችውን ትበል።»

እኔ ስለ ጸሐፊው ሚስት የሚያወሩ መሰለኝ። አባቴ እንኳ ፊልሙን ሳያይ መጨነቁ ገረመኝ። አባቴም እውነቱን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከሆስፒታል ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ከሁለቱ ማን ልክ እንደነበረ እኔን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ግሪሻ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? አንድ ዓርብ ከሰዓት የፕለም ጭማቂ በማሰሮ ይዞ፣ ኮቱን ቆልፎ እናቴን ሊጠይቅ መጣ። አባባ እሱ ቤት ተቀምጠው ፊልሙን ይጠብቃሉ። ከአልጋዋ ግርጌ ቆሞ ንግግር አደረገ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«አባትሽ ትልቅ ሰው ነው ይላል። እንደ እሱ ልብ ያለው ሰው አላየሁም ይላል። ፊልም ባየን ቁጥር ያለቅሳል ይላል።»

«ማን? አባባ?» አለች እናቴ እየሳቀች።

«በየቀኑ ይላል። አንዳንዴ ቆሞ፣ ደረቱን እየመታ ይላል።»

እናቴ መሳቋን አቆመች። አባባ ሚስታቸውን፣ የእናቴን እናት የቀበሩ ዕለት እንኳ ዕንባቸውን ያየ የለም፤ በሰፈሩ ሲወራ የኖረ ነገር ነው። ግሪሻ ማሰሮውን አስቀምጦ ደስ ብሎት ሄደ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ራሳቸውን የተላጩት መቼ ነበር?» አለችኝ።

«አሳክኳቸው የለ?»

ብርድ ልብሱን ገፈፈችና ተነሣች። ሐኪሙ አትነሺ ብሏል ብላት አልሰማችኝም። ነጠላዋን ደርባ፣ አንድ እጇን ከሆዷ በታች አድርጋ፣ በባዶ እግሯ በሁለቱ በሮች መሀል ያለውን መሻገሪያ አለፈች። የግሪሻ በር እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል። ከመድኃኒቱ ሽታ ጋር ድምፅ ይወጣል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ባቡር ጣቢያው ነው። አባባ ከፊቱ ቆመዋል፣ ሁለት እጆቻቸው ማጅራታቸው ላይ፣ ወገባቸውን በጋቢያቸው ታጥቀው። ግሪሻ አጠገባቸው ቆሞ ክርናቸውን ደግፏል። አባባ በዝቅታ፣ በለቅሶ ዜማ ይላሉ፦

«ይርጋዬ፣ ይርጋዬ፣ የሰው ቤት ሞተህ ማን ገነዘህ ልጄ!»

«ዋይ!» ይላል ግሪሻ።

«እህትህ ፍራሽ አንጥፋ ትጠብቅሃለች፣ ምን ብዬ ልንገራት ልጄ!»

«ዋይ!» ይላል ግሪሻ። ቃሉ አይገባውም፤ የመቀበያውን ቦታ ግን ተምሮታል። አባባ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጠብቆ ይቀበላል፣ በእኛ ቀዬ ለቅሶ ላይ ያደገ ሰው እንኳ ከዚያ አያሻሽለውም።

እናቴ አልጮኸችም። የበሩን ጉበን ያዘች። ጣቶቿ ሲነጡ አየሁ። የአጎቴን ስም ሰምቻለሁ፣ «ሞተህ» የሚለውንም ሰምቻለሁ፤ እጇን አፌ ላይ አደረገች፤ ከዚያ የራሷን አፍ በነጠላዋ ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ። አልጋዋ ላይ ወጣች። ትራሱን በጥርሷ ነከሰች። ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው ሊነጥቃት የመጣ ይመስል። ከአጠገቧ ተጋደምኩ። ሲበርድላት «አላየሽም፣ አልሰማሽም» አለችኝ። «አባባ እንዳወቅኩ ካወቁ ይሞታሉ። እኔን ሊያድኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ለአንድ ሬሳ ተደባብቆ ያለቅሳል። አባባ ሲገቡ እናቴ ቴፑን ትከፍታለች። «እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» ይላል ይርጋ። «እግዚሄር ይመስገን፣ አንተስ?» ትላለች ጮክ ብላ፣ አባባ እንዲሰሙ። አባባ ጫማቸውን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ሲወጡ ትራሱን ትነክሳለች። እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ ለማንም መናገር አልችልም። አንድ ቀን ግሪሻን ደረጃው ላይ አቆምኩት።

«አንተ በረዶው ላይ ስትሞት፣ ፊሽካው እስኪነፋ ምን ያህል ትቆያለህ?»

«እንደ ዳይሬክተሩ ነው» አለኝ። «ካልጣመው ረጅም ነው።»

እንግዲያው የአዲስ አበባውም ዳይሬክተር አልጣመውም ማለት ነው ብዬ ፊሽካውን ጠበቅኩ።

ልጁ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ተወለደ፤ ወንድሜ፣ ጤነኛ፣ ቁጡ። ሁሉም እፎይ አለ፣ አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ አሁን ይነግሯታል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል፣ አርባዋን ትጨርስ አሉ። ያችን ነገር ስሰማ እናቴን አየኋት። ሕፃኑን እያጠባች መስኮቱን ታይ ነበር።

አርባው እንደሞላ በማለዳ መጡ። ደረጃው በሰው እግር ሲሞላ፣ ነጠላ ሲንሿሿ፣ ሰው ሲሳል ሰማን። ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው ወገባቸውን የታጠቁ ሴቶች። አባቴ ልጁን ከእናቴ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቄሱ ሰጪውም ነሺውም አንድ መሆኑን በረጅሙ ተናግረው የይርጋን ስም ጠሩ። ሴቶቹ ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ጩኸቷን ይጠብቃል።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መሬት ላይ ወደተነጠፈው ፍራሽ ወርዳ ተቀመጠች። «ሰምቻለሁ» አለች።

አንዷ ሴት «ደንዝዛለች፣ ውሃ!» አለች። ሌላዋ ለጎረቤቷ «አንድ ወንድሟ አይደለም ወይ?» ስትል ሰማኋት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሴትየዋን ሰላም አልላትም። አባባም ያን ሁሉ ጊዜ የታፈነ ለቅሷቸው ሊፈታ ሰው በተሰበሰበ ዕለት ድምፃቸው አልወጣ አለ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

በሩ ክፍት ስለነበር ግሪሻ በሰዎቹ መሀል አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ «ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

«የእናቴ ወንድም ሞቷል። የአባባ ልጅ።»

«መቼ?»

«በክረምቱ።»

አባባን አየ። የተላጨ ራሳቸውን፣ ከዚያ ወደ ራሱ በር ዞሮ አየ፤ ፎቶግራፉ ከቆምንበት ይታያል። ነገሩ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲደርስ ቆሜ ተመለከትኩ። «ለእሱ አልነበረም?» አለኝ። ሕፃኑ ክንዴ ላይ ማልቀስ ጀመረ።

ግሪሻ ባርኔጣውን አስተካከለ። ሰዎቹን በትከሻው እየከፈለ ገባ። አባባን ወደ ፍራሹ አወረዳቸው፣ ረጃጅም እግሮቹን እንደ ምንም አጥፎ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ክርናቸውንም ያዘ። ሽማግሌዎቹ ማነው ይሄ ተባባሉ።

አባባ ወደ እናቴ ዞሩ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ግሪሻ በር ላይ። ሲያለቅሱ ቆሜ።»

«ያኔ?» አሉ። «ሆድሽን ይዘሽ? ልጄ፣ ብቻሽን?»

«አንቱስ አባባ፣ ብቻዎን አልነበሩ?»

አባባ ክርናቸው ላይ ያለውን ነጭ፣ የተጨማደደ እጅ አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የለም» አሉ። «እኔስ ሰው ነበረኝ።»

እናቴ የጮኸችው ያኔ ነው።